የተጎጂ ሚስት ቅጽ

ዘውዴ በላስ ቬጋስ ከተማ ሊታለል የማይችል ብቸኛው ሰው ነበር። ይህን የሚለው ራሱ ዘውዴ ስለሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካዚኖዎቹ ጎዳና ዘ ስትሪፕ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ካዚኖ ካርድ አከፋፋይ ሆኖ ሠርቷል። ከየአገሩ የመጣ ብልጥ ነኝ ባይ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ መጀመሪያ የኪስ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ የቤት ኪራዩን፣ በመጨረሻም ጨዋነቱን ሲያስረክብ በዓይኑ አይቷል። ከዚህ ሁሉ የቀሰመው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ ሞኝ ማለት ምንጊዜም ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ነው።

ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ወጥቶ አሜሪካ ከገባ ሠላሳ ሰባት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ምክሩን የመስማት ግዴታ አለበት። የመኪና ኢንሹራንስ፣ የዜግነት ፈተና፣ የወገብ ሕመም፣ የፍሪጅ ብልሽት፤ ዘውዴ አስተያየት የሌለው ጉዳይ ገና አልተፈጠረም። ከሁሉ በላይ የተካነው ግን በስልክ አጭበርባሪዎች ላይ ነው።

ሙያውን የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ሴት ደውላ፣ "ሚስተር ዘውዴ፣ ያልተከፈለ የተማሪ ብድር አለብዎት" አለችው። ዘውዴ ሳቁ አመለጠው። የተማሪ ብድር? እሱ? ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው?

"እመቤቴ፣ እኔ ኮሌጅ የገባሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ልጄ ስትመረቅ ላጨበጭብ" ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ይህችን መልስ በጣም ወደዳት። ያንኑ ዕለት ለሚስቱ ለወርቅውሃ ነገራት፤ በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቹ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው። በተነገረች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየረዘመች ሄዳ፣ በመጨረሻ ሴትዮዋ አልቅሳ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰች።

ከስልኩ በኋላ ደብዳቤ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በየሳምንቱ። ዘውዴ ሰባ ዶላር አውጥቶ ወረቀት የሚቆራርጥ ማሽን ገዛና እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ሳሎን አስቀመጠው። ፖስታዎቹን ሳይከፍት ያጎርሰው ነበር። ወርቅውሃ አንድ ቀን ብቻ፣ "እስቲ አንዱን እንኳ እንክፈተው" አለች።

"አንቺ ደግሞ! ከከፈትሽው እኮ ያውቃሉ" አላት። በምን እንደሚያውቁ አላብራራም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ካዚኖዎቹ ተዘጉ፣ ጎዳናው ጭር አለ፣ ደብዳቤዎቹም ድንገት ቆሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንግሥት በመላ አገሪቱ የተማሪ ብድር መሰብሰቡን አቁሞ ነበር። ዘውዴ ግን የራሱ ማብራሪያ ነበረው። "አየሽ? ጆሮ ዳባ ልበስ ስትያቸው ተስፋ ይቆርጣሉ" አላት ሚስቱን። ሚሊዮኖች ያገኙትን እፎይታ፣ በሰባ ዶላር ማሽን የተገኘ የግል ድል አድርጎ መዘገበው።

ድሉን ለብቻው ሊይዘው አልፈለገም። ከአራት ዓመት በኋላ መስከረም ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ "ከአጭበርባሪ እንዴት እንጠበቅ" የሚል ስብሰባ ጠራ። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጣ፤ ግማሹ ለዘውዴ፣ ግማሹ ለሳምቡሳው። ዘውዴ ለማሳያ እንዲሆነው በዚያው ሳምንት እንደገና የደረሰውን ደብዳቤ ሰው ፊት ከፍቶ በማይክሮፎን አነበበ። የተበላሸ ብድርዎን ወደ ጤናማ ደረጃ እንመልስልዎታለን፣ ክፍያ የለውም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይደውሉ ይላል።

"ወገኖቼ፣ በዚህ አገር በነጻ የሚሰጥ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስድስት ቀን ቀርቶሃል ቶሎ በል ብሎ የሚለምን መንግሥትስ?" አለ ዘውዴ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዘውዴ ደብዳቤውን ለአራት ቀደደው። መንግሥት ከልቡ ያቀረበለት የመጨረሻ ዕድል ያ ነበር፤ በጭብጨባ ታጅቦ ቆሻሻ መጣያ ገባ። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ለማ የሚባል ታክሲ ነጂ ነው። ለማ የዘውዴን ቃል እንደ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ነበር።

ዘውዴና ወርቅውሃ በየዓመቱ የካቲት ላይ ታክሳቸውን አንድ ላይ የሚያሠሩት ጥላሁን ዘንድ ነው። ጥላሁን ከሥጋ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ የሚሠራ፣ ቃላት እንደ ደመወዝ የሚቆጥብ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከደመወዛቸው በትርፍ የተቆረጠውን አስልቶ ይልካል፤ ገንዘቡም በመጋቢት ተመልሶ ባንክ ይገባል። ይህ ሪፈንድ ሁሌም የሚመጣ፣ ሁሌም አስቀድሞ የተበላ ገንዘብ ነበር። ዘንድሮ ቤታቸው ሊቀባ፣ የወርቅውሃ ጥርስ ሊሠራ ታስቦ ነበር።

ዘንድሮ ግን ዘውዴ መረጃ ያዘ።

"ደንበኛ በሚሰጠን ቲፕ ላይ የሚቆረጠው ታክስ ሊቀር ነው፤ ካዚኖ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም" አለው ጥላሁንን። "አሁን ከላክን ተበላን። ትንሽ ከታገስን ሪፈንዱ እጥፍ ይሆናል።"

"ጋሽ ዘውዴ፣ ሕጉ ገና አልወጣም። ቢወጣም ላለፈው ዓመት አይሠራልዎትም" አለ ጥላሁን።

"አንተ ቁጥርህን ቁጠር፣ ፖለቲካውን ለእኔ ተወው።"

ወርቅውሃ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። የዚያን ቀን ዘ ስትሪፕ ላይ ባለ ሆቴል አሥራ አራት ክፍል አጽድታ የመጣች ሴት ናት፤ ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልተረፋትም። "አሁን ቢላክ ይሻላል" ብቻ አለች። ማንም አልሰማትም። ማንም ማለት ዘውዴ ነው።

ዘውዴ የካቲትን ታገሰ፣ መጋቢትን ታገሰ። ሕጉ አልመጣም። በመጨረሻ ሚያዝያ አሥራ አምስት፣ የጊዜ ገደቡ በሚያበቃበት ቀን፣ ጥላሁን በር ላይ የአንድ ሰዓት ሰልፍ ቆሞ ወረቀቱን አስላከ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ተመላሽ፤ በየካቲት ቢላክ ከሚመጣው አንዲት ሳንቲም አይበልጥም። በየካቲት ቢላክ ግን ገንዘቡ በመጋቢት እጃቸው ይገባ ነበር። ምክንያቱም መንግሥት ለአምስት ዓመት አቁሞት የነበረውን፣ ያልተከፈለ የተማሪ ብድር ካለበት ሰው ሪፈንድ የመውሰዱን ሥራ እንደገና የጀመረው በግንቦት መጀመሪያ ነው። ዘውዴ ገንዘቡን በሁለት ወር አዘግይቶ፣ ወጥመዱ በተከፈተበት ሳምንት ልክ በጊዜው አደረሰው።

ግንቦት ገባ። ዘውዴ ጠዋት ጠዋት ስልኩን ከፍቶ ባንኩን ቼክ ያደርጋል። ምንም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ግን የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከገንዘብ ሚኒስቴር የተላከ ፖስታ አገኘ። ቼክ መስሎት፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፖስታ በደስታ ከፈተ።

ቼክ አልነበረም። ሪፈንዳችሁ በሙሉ ለትምህርት ሚኒስቴር ዕዳ ተላልፏል ይላል፤ ከሥሩም የዘውዴ ስም፣ ሙሉ ስሙ፣ የአያቱም ጭምር።

በማግስቱ ጠዋት ወርቅውሃን ይዞ ጥላሁን ቢሮ ገባ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

"ሌቦቹ ኮምፒውተርህ ውስጥ ገብተዋል" አለው።

ጥላሁን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። "ሌባ አይደለም ጋሼ። ይኼ እውነተኛ ነው።"

"አንተም ተሸወድክ?"

ጥላሁን ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። የዘውዴን ቁጥሮች ሲያስገባ አንድ የተቀዳ ድምፅ፣ ምንም ሐሜት በሌለበት ቅላፄ፣ ዕዳው የተማሪ ብድር እንደሆነ፣ ተበዳሪውም ዘውዴ እንደሆነ ተናገረ። ዘውዴ ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። ከማሽን ጋር መከራከር አይቻልም፤ የሚያለቅስ፣ ይቅርታም የሚጠይቅ ዓይነት አይደለም።

"ልጅዎ ሔዋን ኮሌጅ ስትማር የፈረሙት ነገር ነበር?" አለ ጥላሁን በቀስታ።

"ሔዋንን ያስተማራት መንግሥት ነው! ስኮላርሺፕ ነው!"

ወርቅውሃ ወደ ባሏ ዞረች። "ዘውዴ፣ መንግሥት ነው ያስተማራት ያልከው አንተ ነህ። እሷ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም።"

ሔዋን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚሁ የተወለደች፣ ካሊፎርኒያ ተምራ የተመለሰች፣ አሁን ከከተማው ዳር ሰመርሊን ውስጥ ቢሮ የምትሠራና እዚያው የምትኖር ልጅ ናት። እሑድ ከሰዓት ወላጆቿ ቤት መጣች። ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ዳዲ፣ ይሄ ፓረንት ሎን ነው። ለልጅ አባት የሚወስደው ሎን። የእኔ አይደለም፣ በአንተ ስም ነው።"

"እኔ ምንም ሎን አልወሰድኩም።"

"ሳይን አደረግህ። ሁለት ጊዜ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ላይና አራተኛ ዓመቴ ላይ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ሰጠሁህ። 'ዳዲ፣ አንብበው' አልኩህ። አንተ ምን አልክ?"

ዘውዴ ምን እንዳለ አስታወሰ። ማስታወስ አልፈለገም፣ ግን አስታወሰ።

"'ሃያ ስምንት ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ ፎርም ማንበብ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?' አልከኝ። ከዛ ክሊክ አደረግህ።"

"ስኮላርሺፕ አላገኘሽም?"

"አገኘሁ፣ ግማሽ። ቀሪውን እኔ ትንሽ ሎን ወሰድኩ፣ አንተ ትልቁን ወሰድክ። የእኔን በየወሩ እከፍላለሁ። አንተም የምትከፍል መስሎኝ ነበር። ጠየቅሁህ እኮ! ዲግሪዬን የያዝኩ ዓመት ጠየቅሁህ። 'ሁሉም ነገር አንደር ኮንትሮል ነው' አልከኝ።"

ይህም እውነት ነው። ልጁ ስለ ምን እንደጠየቀችው በትክክል አልገባውም ነበር፤ ግን ያልገባውን ነገር አልገባኝም ብሎ አያውቅም። ኮሌጁ ደብዳቤ ሲልክላት "ሙሉ ስኮላርሺፕ" ብሎ ለሰው የተረጎመው እሱ ነው። ግማሽ የሚለው ቃል ላይ ዓይኑ አልዋለም፤ ወይም ውሎ እንዳላየ አልፎት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በሙሉ ሲናገረው ኖሮ፣ ሲደጋገም እሱ ራሱ አመነው። በምረቃዋ ድግስ ቆሞ፣ "ልጄ ያለ ሸክም ተመርቃለች" ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ሸክሙ ያለው ተናጋሪው ጀርባ ላይ እንደሆነ ማንም አላየም፤ ተናጋሪው ጭምር።

"ስንት ነው?" አለ።

ሔዋን ስልኳ ላይ ፈልጋ አሳየችው። ሲወሰድ ሃያ አንድ ሺህ የነበረው ብድር ሠላሳ ሺህ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እሱ ፖስታ ሲያጎርስ ወለዱ ሥራ አልፈታም ነበር።

ወርቅውሃ ተነሥታ ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አጥባ ደፋችው።

"የእኔም ገንዘብ ነበር" አለች ከዚያ። "ከእኔ ደመወዝም ነው የተቆረጠው። እኔ ምንም አልፈረምኩም። ደብዳቤውን እንክፈት ብያለሁ። በየካቲት ይላክ ብያለሁ።"

"ወርቄ..."

"ወርቄ አትበለኝ።"

ዘውዴ አንገቱን ደፋ። ካዚኖ ውስጥ ሰው ሁሉን ካስረከበ በኋላ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ባዶ ጨርቁን የሚያይበት አፍታ አለ። ዘውዴ ያንን አፍታ ሺህ ጊዜ አይቶ በልቡ ስቆበታል። አሁን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እጆች ተዘርግተው አየ፤ የማን እንደሆኑ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

"ኪዳነ ምሕረትን፣ እከፍለዋለሁ" አለ ሔዋንን እያየ። "አንቺ እንዳታስቢ። ባውቅም እፈርመው ነበር። አንብቤውም ቢሆን እፈርመው ነበር።"

"አውቃለሁ ዳዲ" አለች ሔዋን። "እኔን የሚያናድደኝ እሱ አይደለም። ለምን አንድ ቀን 'አላውቅም' አትልም?"

አላውቅም ማለት ይችል ነበር፤ ግን ገና አዲስ ቃል ስለሆነ አልመጣለትም።

ማክሰኞ ሦስቱም ጥላሁን ቢሮ ተመለሱ። ጥላሁን እስከዚያ ሲያነብ ሰንብቶ ነበር።

"ለጋሽ ዘውዴ የማደርገው የለኝም። ለእትዬ ግን አለኝ" አለ። "ባልና ሚስት አንድ ላይ ታክስ ሲሞሉ፣ በአንዱ ዕዳ ምክንያት የሌላው ድርሻ ከተወሰደ፣ ድርሻውን የሚያስመልስበት ቅጽ አለ። 'የተጎዳ የትዳር ጓደኛ' ይባላል።"

ወርቅውሃ ወደፊት ተጠጋች። "ምን ይባላል?"

"የተጎዳ የትዳር ጓደኛ።"

"እንዲህ ያለ ቅጽ ነበረና ነው ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ያላችሁኝ?"

ሔዋን አፏን በእጇ ያዘች። ጥላሁን ከበርካታ ዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮው ውስጥ ሳቀ።

"ጉዳቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ወርቅውሃ በቁም ነገር።

"የዘንድሮውን ብቻ ነው እትዬ።"

"ይሁን እንግዲህ። ጻፍ።"

ጥላሁን ጻፈ። የእሷን ደመወዝ፣ የእሱን ደመወዝ፣ ከየአንዳንዳቸው የተቆረጠውን ለየብቻ አሰፈረ። ግዛቲቱ ኔቫዳ ባልና ሚስት ያፈሩት የሁለቱም እኩል ነው ስለምትል ግማሹ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሁለት ወር ተኩል ገደማም እንደሚፈጅ ነገራት። ቅጹ ሊያልቅ ሲል ብዕሩን አቆመ።

"እዚህ ጋ አንዲት ሳጥን አለች። ቼኩ በሁለታችሁም ስም እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ምልክት አድርጉ ትላለች። ካልተደረገባት በእትዬ ስም ብቻ ይመጣል።"

ከጎረቤት ሥጋ ቤት የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። ዘውዴ ሳጥኗን አየ፣ ጥላሁንን አየ፣ በመጨረሻም ሚስቱን አየ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ሳጥን ላይ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ አስተያየት ነበረው።

"ባዶዋን ተዋት" አለች ወርቅውሃ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ዘውዴ ከሥራ እረፍት ላይ ሳለ በር ተንኳኳ። ለማ ነበር፤ በእጁ በፖስታ የታጨቀ የገበያ ፌስታል ይዟል። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ፌስታሉን ሳሎኑ መሃል አስቀመጠ።

"ጋሽ ዘውዴ፣ ያቺን ማሽንዎን ላስቸግርዎ መጣሁ። ከስብሰባው ወዲህ አንዱንም አልከፈትኩም፣ እርስዎ እንዳሉት። አሁን ግን በዙብኝ።"

ለማ ከዓመታት በፊት የኤር ኮንዲሽን ጥገና ለመማር ብድር ወስዶ ነበር። ትምህርቱን አልጨረሰም፣ ብድሩንም እንዲሁ። ዘውዴ ይህን ያውቃል። በስብሰባው ቀን ለማ ጠይቆት፣ "ያንተማ ጊዜው አልፎበታል" ብሎ መልሶለት ነበር፤ ከየት አምጥቶ እንዳለው እግዜር ይወቀው።

"ታክስህን ሞላህ?" አለው ዘውዴ።

"ኧረ ገና። ጊዜ አስጨምሬያለሁ። የዘንድሮው ሪፈንድ ደህና ነው አሉኝ፤ ሦስት ልጅ አለኝ አይደል። ለኪራይ ነው የማስበው።"

ዘውዴ ፌስታሉን አየው። ማሽኑ ከሶፋው ጎን አለ፤ ሶኬቱም ተሰክቷል። አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ለማን ሻይ ጋብዞ፣ መርቆ መሸኘት ይችላል። ማንም አያውቅም። ለማም ሪፈንዱን ሲያጣ ኮምፒውተሩን ይረግማል እንጂ ዘውዴን አይጠረጥርም። ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ወደዚያ ሲገፋው ተሰማው፤ ስሙ ኩራት ነው፣ ዘውዴ ግን እስከዛሬ ልምድ ይለው ነበር።

"ተቀመጥ ለማ" አለ። "ከእኔ የሰማኸውን በሙሉ እርሳው።"

"ምን አሉ?"

"ተሳስቼ ነው። ደብዳቤዎቹ እውነተኛ ናቸው። ሰው ፊት የቀደድኩትም እውነተኛ ነበር። ሪፈንዴን ወሰዱት፣ በሙሉ። የወርቅውሃንም ጭምር።"

ለማ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። የዘውዴን ፊት ሲያይ ግን ፈገግታውን ሰበሰበ። ደንግጦ ተቀመጠ። ዘውዴ መነጽሩን አድርጎ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመረ። ከሥሩ ቅርብ ጊዜ የመጣውን አገኘ፤ በስድሳ አምስት ቀን ውስጥ ካልተስማማህ ወይም ካልተቃወምክ ሪፈንድህን እንወስዳለን ይላል። ቀኑን ቆጠረ። አርባ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

"አርባ ሦስት ቀን አለህ" አለው። "እኔ ስድስት ቀን ነበረኝ፣ ሳቅሁበት።"

ለማ ደብዳቤውን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ፣ "አሁን ምን ላድርግ ጋሼ?" ሲል ጠየቀ።

ዘውዴ አፉን ከፈተ። ምላሱ ጫፍ ላይ ሦስት የተለያዩ መልሶች ተሰልፈው ነበር፤ ሦስቱም እርግጠኛ፣ ሦስቱም ከኪሱ የወጡ።

"አላውቅም" አለ። "ሔዋንን እንጥራት።"

ሔዋን መጣች። ቁጥሩን ከደብዳቤው ሳይሆን ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ራሷ ፈልጋ፣ መጀመሪያ ለለማ፣ ቀጥሎ ለአባቷ ደወለች። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ አስጠበቋቸው። ያነጋገረቻቸው ሴት ደግ ነበረች። በአሥር ወር ውስጥ ዘጠኝ ክፍያ በሰዓቱ ከከፈሉ ብድሩ ከተበላሸበት ደረጃ እንደሚወጣ፣ የወሩም ክፍያ በገቢያቸው ልክ እንደሚተመን አስረዳቻቸው። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን መጨረሻ ስትጠይቀው፣ ይህን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ ብሎ ሠላሳ ሰው ያስተማረው ዘውዴ፣ ላብ እያጠመቀው አንድ በአንድ ተናገረ።

የወሰዱት ገንዘብ አልተመለሰለትም። ለዕዳው ተቆጥሯል፤ ዕዳውም ብዙም አልተሰማውም። ሔዋን ወርሃዊውን ግማሽ እኔ ልክፈል አለች፤ ዘውዴ እንቢ አለ፤ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ወርቅውሃ፣ "ክፍያውን እሱ ይክፈል፣ ደብዳቤውን አንቺ አንብቢ" ብላ ፈረደች። ለማ አርባ ሦስቱ ቀን ሳያልቅ ተስማምቶ ፈረመ። ለእሱ ሁሉም ነገር ደህና ሆነ ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል።

ሰኔ ላይ ዘውዴ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማስተካከያ እንዲናገር ሦስት ደቂቃ ጠየቀ። ተፈቀደለት። ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገረ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዲት ሴት ወጥታ ስትሄድ፣ "ቀድሞስ ማን አመነው?" ስትል ሰማት። ዋጥ አደረጋት። ከመድረኩ ሲወርድ ግን አራት ሰው ፖስታ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር።

የወርቅውሃ ቼክ ነሐሴ ላይ መጣ። ሁለት ሺህ መቶ ዶላር፣ በስሟ ብቻ። ቤቱ አልተቀባም። ጥርሷንም በሆቴሉ ኢንሹራንስ አሠራች። ወደ ሥራ በአውቶቡስ፣ ሁለት ቦታ እየቀየረች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሳለች፤ ለአንድ ቤት ሁለት መኪና ብክነት ነው የተባለበት ቤት ውስጥ ስለምትኖር። በዚያ ክረምት ግን ሔዋን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰመርሊን ወስዳ፣ ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ላይ መንዳት ስታስተምራት ከርማ ነበር። ወርቅውሃ ቼኩን ቅድሚያ ክፍያ አድርጋ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ካለ ሻጭ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ቶዮታ ገዛች። ዘውዴን አላማከረችውም።

በመኪናዋ ሥራ የምትሄድበት የመጀመሪያ ቀን ሺፍቷ ጠዋት ነበር። ዘውዴ በፒጃማው ወጥቶ ከመኪናዋ ኋላ ቆመ።

"ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ነይ... መሪውን ወደ ግራ... ኧረ ወደ ግራ! ቆይ፣ መስታወቱን አስተካክዪ መጀመሪያ..."

ወርቅውሃ መስኮቷን ዝቅ አደረገች። "ዘውዴ፣ ከመንገዱ ዞር በል" አለችው፣ ያለ ቁጣ።

ዞር አለ። መኪናዋ አጥሩን ሳትነካ ወጥታ መንገዱ ጫፍ ላይ ፍሬን ያዘች፣ ፍሬቻ አበራች፣ ከዚያ ታጠፈች። በትክክል ነበር የታጠፈችው። ዘውዴ ይህን ለራሱ ለመቀበል ጥቂት ቆሞ፣ ባዶ እግሩን እያሻሸ ወደ ቤት ገባ።